ወደ ግራ የወረደው ቧንቧ

መስከረም 22 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ይህች ደብዳቤ በመልካም ጤና እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም ሊፍት እየጠበቁ ነው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ሰላም ብላለች ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አላለችም። ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገና አልገባችም። ስትገባ እጠይቃታለሁ። ትናንትም ጠይቄያት ነበር።

የላኩልን የእቃ ማጠቢያ ማሽን ማክሰኞ ደረሰ። ሁለት ተሸካሚዎች እስከ አራተኛ ፎቅ አወጡት። አንደኛው በየፎቁ እያረፈ፣ «የኔ ወንድም፣ ውስጡ ሰው አለበት እንዴ?» ይለኝ ነበር። ሁለተኛው፣ «ካለ ይውረድና ያግዘን» አለ። አሁን ከነካርቶኑ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ወደ መኝታ ቤት የምናልፈው በጎን ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ካርቶኑ አዙራ ታልፋለች፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከማሽኑ ጋር በላኩት ወረቀት ላይ «ቦታው ከሲንኩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል» ይላል። እኛ አላገኘነውም። ኩሽናችንን ያስታውሱት እንደሆነ፣ ሲንኩ ግድግዳው መሐል ላይ ነው። በስተቀኙ ጥጉ ጋ ምድጃው፣ ከምድጃው በላይ በጎን ግድግዳው ላይ መስኮቱ። ከሲንኩ በስተግራ ባዶ ቦታ አለ፤ ማሽኑ ሊገባ የሚችለው እዚያ ብቻ ነው። ግን የጋዙ ቧንቧ በዚያ ባዶ ቦታ መሐል ለመሐል ከላይ ይወርድና፣ ወለሉ ጋ ሲደርስ ታጥፎ፣ በሲንኩ ሥር አልፎ ወደ ቀኝ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ማሽኑን ብናስገባው ግማሹ ውጪ ይቀራል።

ቧንቧውን የዘረጋው ወንድሜ ነው። ባለፈው ጥር፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ያን ቅዳሜ እኔ ቤት አልነበርኩም፤ የትምህርት ቤታችን ቡድን ጨዋታ ነበረው። ስመለስ ሥራው አልቆ እሱ ወለሉን እየጠረገ ነበር። ቧንቧው ለምን እንዲያ እንደሚዞር አልጠየቅኩትም። በሕይወቴ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ስለዚህ አሁን እርስዎን እጠይቃለሁ። ቦታው እንደተዘጋጀ እንዴት አወቁ? ቧንቧውስ ለምን እዚያ ሆነ? በስልክ ብጠይቅዎ ይቀል ነበር፤ ግን በስልክ ሁላችንም «ደህና ነን» ከማለት አናልፍም።

የእህትዎ ልጅ፣
አቶ ለምን
(ስሙን በአምስት ዓመቴ ያወጡልኝ እርስዎ ስለሆኑ ብፈርምበት አይቆጡኝም።)


ጥቅምት 12 ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለአቶ ለምን፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ቤት ሰላም ይሁን፤ በሩን የሚያንኳኳው ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ባሕር ማዶ የምጠግነው ሆቴል ሃያ ሁለት ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ጉልበቴም አብሮ ይበላሻል። ለእናትህ ጤና ይስጥልኝ በላት። ባትመልስልህም በላት።

የጻፍከው ነገር ሊሆን አይችልም። ቦታው አለ። ለወንድምህ የቧንቧውን ሥዕል ስዬ የላክሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለእናትህ ማሽን እልካለሁና ቦታውን ጠብቅልኝ ብዬ በአራት ማዕዘን ለይቼ ምልክት አድርጌለታለሁ። ጋዙ ከጣሪያው ሥር ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ምድጃው ይወርዳል። ሁለት ሜትር ተኩል፣ አለቀ ደቀቀ። አንተ ያየኸው ምናልባት የውኃ ቧንቧ ይሆናል። ቢጫ ቀለም ተቀብቷል?

ሜትር ይዘህ ለካልኝ። ከግድግዳው ጥግ እስከ ሲንኩ፣ ከጥጉ እስከ ቧንቧው፣ ከወለሉ እስከ መታጠፊያው። ሳለውና ላክልኝ። ለክተህ ዞር በል፤ ቁልፍም ሆነ መጋዝ እንዳታነሳ። ጋዝ ፈቃድ የሌለው ሰው የሚነካው ነገር አይደለም። እኔ ራሴ ፈቃዴን ሳላሳድስ የቆየሁባት ሳምንት እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የሰነበትኩት። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩት።

የእናትህ እጅ እንዴት ነው? ይህን በደንብ ጻፍልኝ።

አጎትህ


ጥቅምት 30 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ ይብዛ፣ ሊፍቱም አይበላሽ። እኛ ደህና ነን።

ለክቻለሁ። ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ። ከጥጉ እስከ ሲንኩ 84 ሳንቲሜትር። ማሽኑ 60 ነው። ቧንቧው የሚወርደው ከጥጉ 41 ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ ማለት ማሽኑን ከግራም ከቀኝም በኩል ይከለክለዋል፤ ሰው አስቦበት ቢያደርገው እንዲህ አይሆንለትም። መታጠፊያው ከወለሉ 9 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ቀለሙ ቢጫ ነው። የጋዝ ነው።

የእናቴ እጅ ደህና አይደለም። ቀን ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፣ ማታ ቤት እቃ ታጥባለች፤ ጣቶቿ መሐል ለመሐል ተሰነጣጥቀዋል። ሐኪሙ «ከሳሙና ራቂ» አላት። «ሳሙናው አይርቀኝም እንጂ እኔማ ልርቀው ነበር» አለችው። እኔ አጥባለሁ። ግን እኔ ካጠብኩ በኋላ ተነስታ ደግማ ታጥበዋለች፤ ስለዚህ እቃችን ሁለቴ ይታጠባል፣ እጇ ያው ነው።

እንዳሉኝ ባለሙያ ጠራን። በየፎቁ ያለውን የጋዝ መስመር የሚጠግን ሰውዬ ነው፤ ፈቃዱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ኩሽና ገብቶ ቧንቧውን በዓይኑ ከላይ እስከ ታች ቃኘው፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይኼን የሠራው ማነው?»

«ለምን?» አልኩት።

«ምድጃው እዚያ፣ ቧንቧው እዚህ! ጋዙ ሽርሽር ወጥቶ ነው እንዴ ወደ ምድጃው የሚገባው? ይኼን የሠራው ሰው ግራና ቀኙን አያውቅም።»

እናቴ ሰሃን እያደረቀች ነበር። ሰሃኑን አስቀመጠች።

«ሰውዬ፣ ሜትርህን አንሳ።»

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ደረጃው በዚያ ነው።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ኮሪደሩ ላይ ካርቶኑን በጎን አልፎ ወጣ። እናቴ ሰሃኑን አንስታ ማድረቋን ቀጠለች። በማግስቱ፣ «ያን ቧንቧ ማንም አይነካውም። ማሽኑ ለባለቤቱ ይመለስ» አለች። እንዴት እንደሚመለስ ስጠይቃት፣ «እንደመጣ» አለችኝ።

አጎቴ፣ እኔም ቧንቧው እንዲቆረጥ አልፈልግም። ግን የእናቴን እጅ ሳየው ደግሞ እፈልጋለሁ። ከሁለቱም በፊት ማወቅ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እርስዎ ሥራውን ያውቁታል። ሥዕሌን አይተው ይንገሩኝ። ወንድሜ ሥራውን ያውቅ ነበር? አዎ ወይም አይ ብለው ይጻፉልኝ። «ጎበዝ ልጅ ነበር» ብለው እንዳይጽፉልኝ፤ እሱን ለቅሶ ላይ ከመቶ ሰው ሰምቻለሁ።

አቶ ለምን


ኅዳር 29 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ አልደረስዎትም ይሆናል ብዬ ነው ደግሜ የጻፍኩት። ደርሶዎት ከሆነም ይህኛው አዲስ ነገር ይዟል።

የወንድሜ የመሣሪያ ሣጥን አልጋው ሥር ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አልተከፈተም ነበር። እሑድ እናቴ ሥራ ስትገባ ከፈትኩት። መፍቻዎቹን በቁጥራቸው ደርድሯቸዋል፤ ካልሲውን አጣምሮ የማያውቅ ልጅ! ከሥራቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የእርስዎ ሥዕል አለ። የእርስዎ መሆኑን ያወቅኩት ሰባት ቁጥርን አንገቷ ላይ በአጭር መስመር ስለሚያቋርጧት ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ አየሁት። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሳይቀር፤ መምህራችን «ምንድነው እሱ?» ሲሉኝ «ጂኦሜትሪ» አልኳቸው፣ አልዋሸሁም። ሥዕሉ ላይ ሲንኩ መሐል ነው፣ ልክ ነው። ምድጃው ግን በግራ ነው። መስኮቱም በግራ። የማሽኑ አራት ማዕዘን በቀኝ። በመስኮቱ ላይ ወንድሜ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። መጀመሪያ የሌላ ሰው ቤት ሥዕል መሰለኝ። ግን ልኬቱ የእኛው ነው፤ የጣሪያው ከፍታ፣ የመስኮቱ ስፋት፣ ሁሉም።

ከዚያ ጥርሴን ስፍቅ አንድ ነገር መጣልኝ። ሮጬ ሥዕሉን አምጥቼ መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ያዝኩት። አጎቴ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ልክ የእኛ ኩሽና ነው! ምድጃው በቀኝ፣ መስኮቱ በቀኝ፣ የማሽኑ ቦታ በግራ፣ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ወደ ምድጃው ይወርዳል። ሁለት ሜትር ተኩል።

ያ ግን ገና አላረካኝም። ሰው እንዴት አድርጎ ኩሽና ይገለብጣል? ከኩሽናችን ግድግዳ ጀርባ ደረጃው ነው፤ እዚያ የቧንቧ መተላለፊያ ጠባብ በር አለ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው። ወርጄ ለመንኩት።

«ምን ልታደርግ?»

«ኩሽናችንን ከጀርባ ላየው።»

«ከፊቱ ሰለቸህ?» አለኝ። ግን ከፈተልኝ፤ ባትሪውንም አበራልኝ፤ እሱም ሳይጓጓ አልቀረም። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስቆመው። በየፎቁ የሚወጣው የጋዝ መስመር፣ የፍሳሹ፣ የውኃው፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከግድግዳው ወዲያ የእናቴ የሰሃን ድምፅ ይሰማኛል። ከሥራ ገብታ ማጠብ ጀምራ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከሲንኩ ነው፣ ከመሐል። የመስኮቱ መጋረጃ ቀለበት ሲንቀሳቀስ የሰማሁት ግን በግራዬ ነው። ሥዕልዎን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ገጠመ። ያለ መስታወት ገጠመ።

«አገኘኸው?» አለ ዘበኛው ከውጪ።

«አገኘሁት» አልኩ። ሥዕሉን ጠቅልዬ ወጣሁ።

አጎቴ፣ ሥዕሉ የተሳለው ከግድግዳው ጀርባ ለቆመ ሰው ነው። እኛ ቤት እዚያ የሚቆም ሰው የለም። ማን ቆሞ ነው የሳለው? ወንድሜስ መስኮቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ካደረገ በኋላ ማንን ጠየቀ? ለእናቴ ገና ምንም አልነገርኳትም።

አቶ ለምን


ጥር 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። የዚያ ቤት ሰላም ይመለስ። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው የደረሰኝ ኅዳር ውስጥ ነው። ከልኬቱ 41ን እንዳየሁ ገባኝ፤ በሥዕሌም ላይ ቧንቧው የሚወርደው ከግራ ጥግ 41 ላይ ነው። አልጻፍኩልህም። ስምንት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ ዘጠነኛው ነው።

ከግድግዳው ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ሥራዬ እንዲህ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ከክፍሎቹ ጀርባ ለቧንቧ የተተወ መተላለፊያ አለ፤ ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። እንግዳው እንዳያየኝ፣ እኔም እንግዳውን እንዳላይ ነው ሕንፃው የተሠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ያየሁት ከጀርባው ነው። ስስልም ከጀርባ ነው የምስለው፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። የእናትህን ኩሽና ስስል ወንድምህ በላከልኝ ልኬት ተውጬ ማሰቤን ረሳሁ። እጄ እንደለመደው ሳለው።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርህ። ወንድምህ የጠየቀው እኔን ነው። ደብዳቤው ይኸውና፣ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንብበው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሥዕሉ ደርሶኛል። አስተማሪዬ እንኳ አይቶ እጁ ይባረክ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። መስኮቱን በግራ ነው ያደረጉት፤ የእኛ በቀኝ ነው። ከፊት ነው ያዩት ከኋላ? ወይስ ምድጃው ወደ ግራ ይሂድ፣ የመስኮቱ ነፋስ እሳቱን ያጠፋዋል ብለው አስበው ነው? ለዚያ ከሆነ ገብቶኛል፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ያለ አስተማሪዬ መንካት አልችልም፤ ፈቃዱ የእሱ ነው። እሱን የሚመቸው ደግሞ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ብቻ ነው። እስከዚያ መልስዎ ካልደረሰ እንደሳሉት እሠራለሁ። እርስዎ ያለ ምክንያት መስመር አያሰምሩም። ትንሹን አላማከርኩትም፤ እሱን ካማከርኩ እስከ ክረምት አንጨርስም።»

ደብዳቤው የደረሰኝ በዘጠኝ ቀኑ ነው። ያኔውኑ ብመልስ ይደርስ ነበር። ስልክም ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ከተቀደዱት ስምንት ደብዳቤዎች ስድስቱ እንዲያ ይላሉ። እውነቱ ግን ከፋኝ። ይህን ሥራ ከእሱ ዕድሜ በላይ የሠራሁ ሰውዬ፣ አንድ ተማሪ «ከፊት ነው ከኋላ?» ይለኛል ብዬ ከፋኝ። የሥዕሉን ቅጂ አውጥቼ እንኳ አላየሁም። «እንደተሳለው ይሥራ» ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ እናትህ ደወለች። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልምጣ? ማሽኑን ላክሁ።

ሥራውን ያውቅ ነበር ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ ብልህ እኔን ለማዳን ያልኩት ይመስልሃል። ስለዚህ እኔ አልመልስልህም፣ ቧንቧው ይመልስልህ። የሚቆርጠው ባለሙያ ሲመጣ፣ መጋዙን ከማንሳቱ በፊት አሮጌውን ቧንቧ በግፊት መለኪያ እንዲፈትሽ ጠይቀው። ጋዙ ይዘጋል፣ አየር ይሞላበታል፣ ከዚያ ይጠበቃል። መርፌዋ ከወረደች አንድ የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። ካልወረደች የለም። አቅጣጫው የእኔ ነው፤ መጋጠሚያዎቹ ግን የእሱ ብቻ ናቸው። እኔም ምን እንደምታሳይ አላውቅም።

ይህን ለእናትህ አንብብላት ወይም አታንብብላት፤ እዚያ ቤት ያለኸው አንተ ነህ። ብትቆጣ እውነቷን ነው።

አጎትህ


የካቲት 20 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ይማርልዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ አምስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እርስዎ ለምን እንደዘገዩ ያን ጊዜ ትንሽ ገባኝ። በስድስተኛው ቀን እናቴ እጇን ቅባት ቀብታ ስለነበር ምንም መያዝ አትችልም፤ ተነስታም አትሄድም። አነበብኩላት።

የእርስዎን አስቀደምኩ። «ከግድግዳው ጀርባ የቆምኩት እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ምን አለ? ድገመው።»

ደገምኩት።

«ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ነው እንዴ ኩሽናዬን የሳለው?» አለችና ሳቀች። አጎቴ፣ ከዓመት በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነው፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የወንድሜን አነበብኩላት፤ እሱ ላይ አልሳቀችም። እንደጨረስኩ በቅባት እጇ ወረቀቱን እንዳትነካ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ ቆየች፤ እጅ የሰጠ ሰው ነበር የምትመስለው።

«እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለች።

ያን ቅዳሜ የሆነውን ያኔ ነገረችኝ። ጠዋት እሷ ሥራ ላይ ሳለች ወንድሜ አስተማሪው ቆሞ እያየው ቧንቧውን በግራ በኩል አውርዶ ጨርሷል። እኩለ ቀን ላይ ስትመጣ፣ ወንድሜ ምድጃውን ወደ ግራ ሊገፋ እጁን ዘርግቷል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ምድጃው ወደዚህ ይመጣል። ጋሼ ናቸው ያሉት።»

«ምድጃዬ ከመስኮቱ ሥር አትነሳም። ቀኑን ሙሉ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው የምውለው።»

«እማዬ፣ ነፋሱ እኮ...»

«ጋሼህ ይምጣና እዚያ ቆሞ ያብስል!»

ወንድሜ ተኮሳትሮ፣ አስተማሪው ሳይሄድ ቧንቧውን በሲንኩ ሥር አድርጎ እስከ ምድጃው መለሰው። እስኪመሽ አላናገራትም። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ያን የዞረ ቧንቧ ባየች ቁጥር፣ ሥራውን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ ትል ነበር። ሰውዬው ሲስቅ ያባረረችው በእሱ ተናዳ ብቻ አልነበረም።

«እንግዲያው» አለች፣ «ያንን ግራና ቀኙን አያውቅም ያለውን ሰውዬ ጥራልኝ።»

«ሌላ ባለሙያም አለ እኮ።»

«እሱን ነው ያልኩህ።»

ሐሙስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ልግባ ወይስ ደረጃውን ልየው?» አላት። «ግባ» አለችው። ከመቁረጡ በፊት አሮጌው ይፈተሽልን ስለው፣ «የሚጣል ቧንቧ ምን ያደርግልሃል?» አለ። «ማወቅ እፈልጋለሁ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ጋዙን ከደረጃው በኩል ዘጋ፣ የምድጃውን መዝጊያ ዘጋ፣ መለኪያውን አሰረና በእጅ ፓምፕ አየር ሞላበት። የምድጃውን ሰዓት ጠምዝዞ፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ» አለ።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ከመርፌዋ ፊት ተንበረከክሁ። መጋጠሚያዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ቀጥ ብሎ ቢወርድ ኖሮ አራት ይበቁት ነበር። ማለት ወንድሜ የሚሳሳትበት ሰባት ትርፍ ቦታ ነበረው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ መርፌዋ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ፤ ለካ የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው መጀመሪያ ስልኩን ያይ ነበር። በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተና እሱም ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባ። አንድም አረፋ አልተነፋም። በሲንኩ ሥር ገብቶ፣ ማንም የማያየውን መታጠፊያ በባትሪ አብርቶ ብዙ ቆየ።

ሰዓቱ ጮኸ። መርፌዋ የተቀመጠችበት ላይ ነበረች።

ሰውዬው ከሲንኩ ሥር ወጥቶ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እትዬ» አለ፣ «ያን ቀን ያልኩትን አንስቻለሁ። መስመሩ የማን ሐሳብ እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን እጅ ነው። እዚያ ሥር ተኝቶ እንዲህ የሚያጠብቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። የት ነው የሚሠራው? ሁለት ሕንፃ ጀምሬያለሁ፣ ሰው አጥቻለሁ። ስልኩን ስጡኝ።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እስካሁን በደብዳቤዬም፣ በትምህርት ቤትም፣ «ከዚያ ጊዜ ወዲህ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ይህን ልብ ብለውት ይሆናል።

«ወንድሜ ነው» አልኩት። «ሞቷል። ባለፈው የካቲት አውቶቡስ ተገልብጦ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር።»

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ያወለቀውን የት እንደሚያደርገው ስላጣ ሲንኩ ላይ አስቀመጠው። «ልተወው እንዴ?» አላት እናቴን፣ ቧንቧውን እያየ። «ማሽኑ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።»

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። መልሷን አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው። የእኔንም አላውቅም ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችው፣ በእጇ ጀርባ አንዴ ነካችው።

«እሱ ጥያቄውን ጠይቆ ነበር» አለች። «መልሱ ነው የዘገየው። ቁረጠው።»

ቆረጠው። አዲሱ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ሁለት ሜትር ከአርባ ሰባት። ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሳቱት። እሱም ተፈትሿል፣ መርፌዋ አልወረደችም። ማሽኑ ከሲንኩ በስተግራ ገብቷል፤ በኮሪደሩ ፊት ለፊት ማለፍ እንደገና ልንለምድ ነው። ትናንት መጀመሪያ ሲሠራ እናቴ ወንበር አምጥታ ከፊቱ ተቀመጠች። «አንድ ሰዓት ተኩል ምን ያደርጋል እዚያ ውስጥ? መስኮት እንኳ የለውም እንዳየው» እያለች ትጨነቅ ነበር። ሲጨርስ ሰሃኖቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሳች መረመረቻቸው። አንዱን ሹካ ብቻ ደግማ አጠበችው።

ሌላም የምጠይቅዎ ነበረኝ፤ እናቴ ግን እስክሪብቶውን እየቀማችኝ ነው።

አቶ ለምን

ወንድሜ ሆይ፣ እንደምን አለህልኝ? እጄ እየዳነ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሠኝ። ልጁ ሁሉንም ጽፎልሃል። እሱ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ተኮራርፈን ብናመሽም፣ በአዲሱ ጋዝ የመጀመሪያውን ሻይ አፍልቶ ያመጣልኝ እሱ ነው። ስኳሩን አብዝቶት ነበር፤ ዝም ብዬ ጠጣሁት፤ እሱም መጠጣቴን አየና ሳቀ። ተጣልተን አልተለያየንም። ይህን አንተም እወቀው። ዓመቱን ሙሉ አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ አንዱን ጥፋት ለየብቻችን ተሸክመን ከርመናል፤ አሁን ይብቃን። ምድጃዬ አሁንም መስኮቱ ሥር ናት። የዓመት ዕረፍትህን ውሰድና ና።